ቁጥር በዜሮ ሲካፈል፦ የፕሮግራም ቋንቋዎች «ወሰን የለሽ»ንና ልዩ ሁኔታዎችን እንዴት ያስተናግዳሉ?

ኮምፒውተር አንድን ቁጥር በዜሮ እንዲያካፍል ቢታዘዝ ምን ይመልሳል? መልሱ እንደ ቋንቋው ይለያያል። በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ሥራውን አቋርጦ ስህተት መፈጠሩን ያስታውቃል። በጃቫስክሪፕት የተጻፈው ደግሞ «ኢንፊኒቲ»፣ ማለትም «ወሰን የለሽ»፣ የሚል ውጤት ይዞ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ኤክሴል በሰንጠረዡ ክፍል ውስጥ የስህተት ምልክት ያኖራል። ሦስቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ልዩነቱን ያመጣው ማሽኑ ሳይሆን ቋንቋዎቹን የነደፉት ሰዎች ውሳኔ ነው።

ጉዳዩ የሒሳብ ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የሚኖር ሠራተኛ ደመወዙ የሚሰላው፣ ለቤተሰቡ የሚልከው ድርሃም ወደ ብር የሚመነዘረው በእንዲህ ዓይነት ስሌት ነው። ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ አንባቢዎችም ጥቂት አይደሉም። የዱባይ ገዥ ሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ አል ማክቱም በ2017 ይፋ ያደረጉት የ«አንድ ሚሊዮን የዓረብ ኮደሮች» መርሐ ግብር ለሌሎች አገሮች አርአያ ሆኗል፤ ኢትዮጵያም ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ«አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብርን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምራለች። ከእነዚህ ትምህርቶች በአንዱ የገባ ተማሪ ፈጥኖ የሚገጥመው እንግዳ ነገር ይኸው በዜሮ የማካፈል ጉዳይ ነው።

ስለ ስያሜው

ኮምፒውተሮች ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች የሚይዙበት ዘዴ በአማርኛ «ተንሳፋፊ ነጥብ» ሊባል ይችላል። ዐረብኛ «አል ፋሲላ አል ዓኢማ» ይለዋል፤ ቃል በቃል «ተንሳፋፊዋ ነጠላ ሰረዝ» ማለት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግም «ተንሳፋፊ» የሚለው ቃል በየቤቱ ይነሣ ነበር። በዐረብኛም የገንዘብ ማንሳፈፍ «ታዕዊም» ሲባል ከዚሁ ከመንሳፈፍ ሥር የወጣ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ከቃሉ በቀር አይገናኙም። በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚንሳፈፈው የነጥቡ ቦታ ነው፤ ቁጥሩ እጅግ ሲተልቅ ነጥቡ ወደ ቀኝ፣ እጅግ ሲያንስ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የሚያዙት አሃዞች ብዛት ግን አይለወጥም።

«ልዩ ሁኔታ» የሚለው ስያሜም ማብራሪያ ይሻል። ዐረብኛው «ኢስቲስናእ» ይለዋል፤ ከደንቡ ውጭ ተለይቶ የወጣ ማለት ነው። አንዳንድ የአማርኛ መማሪያዎች በቀጥታ «ስህተት» ብለው ይተረጉሙታል። ይህ ትርጉም አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ከታች እንደሚታየው 1ን ለ3 ማካፈልም አንድ ልዩ ሁኔታ ያስነሣል፤ 1ን ለ3 ማካፈል ግን ስህተት አይደለም።

በ64 ቢት ውስጥ የተያዘ ቦታ

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ተንሳፋፊ ቁጥር 64 ቢት ይይዛል። አንዱ ቢት ቁጥሩ አዎንታዊ ወይም አሉታዊ መሆኑን ያመለክታል፤ 11 ቢት ለአርቢው፣ 52 ቢት ለአሃዞቹ ተመድበዋል። በዚህ መንገድ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 18 ተብሎ ከኋላው 307 ዜሮዎች ቢደረደሩ የሚገኘውን ያህል ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ቁጥሩ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ኮምፒውተሩም «ወሰን የለሽ» ሲል ይመዘግበዋል።

ስለዚህ የኮምፒውተሩ «ወሰን የለሽ» ፈላስፎች የሚከራከሩበት ዘለዓለማዊ ነገር አይደለም፤ አንድ የታወቀ የቢቶች አቀማመጥ ነው። ለአርቢው የተመደቡት 11 ቢቶች በሙሉ 1 ሲሆኑና የአሃዞቹ ቢቶች በሙሉ 0 ሲሆኑ ያ ምልክት «ወሰን የለሽ» ተብሎ ይነበባል። የአሃዞቹ ቢቶች በሙሉ 0 ካልሆኑ ደግሞ ንባቡ «ናን» ይሆናል፤ ትርጉሙም «ቁጥር ያልሆነ» ነው። የመጀመሪያው ቢት ምልክት በመሆኑ አዎንታዊም አሉታዊም ወሰን የለሽ አለ። አሉታዊ ዜሮም አለ፤ 1 ለዜሮ ሲካፈል አዎንታዊውን፣ 1 ለአሉታዊ ዜሮ ሲካፈል አሉታዊውን ወሰን የለሽ ይሰጣል።

ይህ ሥርዓት የተደነገገው በ1985 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የኮምፒውተር አምራች የራሱ ልማድ ስለነበረው አንድ ፕሮግራም በሁለት ማሽኖች ላይ ሁለት ውጤት ይሰጥ ነበር። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ካናዳዊው ዊልያም ካሃን ከኢንቴል መሐንዲሶች ጋር ያዘጋጀው ሐሳብ ቁጥሩ 754 የሆነው ዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት ሆነ፤ ካሃንም በ1989 የኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት አገኘ። መለኪያው በ2008 እና በ2019 ተሻሽሏል፤ ዋና ደንቦቹ ግን አልተነኩም።

መለኪያው አምስት ልዩ ሁኔታዎችን ይለያል። የታወቀው በዜሮ ማካፈል ነው፤ 5 ለ 0 ሲካፈል ወሰን የለሽን ይሰጣል። ከዚያ የሚከፋው ትርጉም የሌለው ስሌት ነው፤ 0 ለ 0 ሲካፈል፣ ከወሰን የለሽ ላይ ወሰን የለሽ ሲቀነስ፣ ወይም ወሰን የለሽ በዜሮ ሲባዛ ውጤቱ «ናን» ነው። ሞልቶ መፍሰስ ከላይ ተጠቅሷል። ተቃራኒው መመንመን ነው፤ ቁጥሩ ከማነሱ የተነሣ ወደ ዜሮ ሲጠፋ ማለት ነው። አምስተኛውና በየሰከንዱ የሚከሰተው መጠጋጋት ነው፤ የ1 ለ 3 ክፍያ በ52 ቢት ተጽፎ ስለማያልቅ የመጨረሻው አሃዝ ተጠጋግቶ ይያዛል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ የመለኪያው መነሻ ደንብ «አትቁም» የሚል ነው። ስሌቱ ይቀጥላል፤ የተፈጠረው ሁኔታ ግን በማቀነባበሪያው ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ሰንደቅ ላይ ይመዘገባል። ሰንደቁ ፕሮግራሙ ራሱ እስኪያወርደው ድረስ እንደተሰቀለ ይቆያል። ስለዚህ ፕሮግራመሩ በሺህ የሚቆጠሩ ስሌቶችን አስኬዶ መጨረሻ ላይ ሰንደቆቹን መመልከት ብቻ ይበቃዋል። ሐሳቡ የረቀቀ ነው፤ ችግሩ ብዙዎቹ ቋንቋዎች ለፕሮግራመሩ ሰንደቁን የሚያይበት መስኮት አለመተዋቸው ነው። ሲ ከ1999 ጀምሮ መስኮቱን ከፍቷል። ጃቫና ጃቫስክሪፕት አልከፈቱም፤ ካሃንም በ1998 ከጆሴፍ ዳርሲ ጋር በጻፈው ጽሑፍ ጃቫን በዚህና በመሰል ምክንያቶች አጥብቆ ነቅፏል።

ወሰን የለሽ ሲጠቅም

ወሰን የለሽ ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም። ከአጅማን ተነሥቶ ወደ ዴይራ የሚወስደውን አጭር መንገድ የሚፈልግ ፕሮግራም እንውሰድ። ዳይክስትራ በተባለው የታወቀ ስልት መሠረት ገና ያልተደረሰባቸው ቦታዎች ሁሉ ርቀት በመጀመሪያ «ወሰን የለሽ» ተብሎ ይመዘገባል፤ የመነሻው ርቀት 0 ነው። ፕሮግራሙ በኢትሐድ መንገድም ሆነ በሼክ መሐመድ ቢን ዛይድ መንገድ እየተጓዘ አጠር ያለ ርቀት ባገኘ ቁጥር የቀድሞውን ይተካል። በወሰን የለሽ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ቢጨመር ያው ወሰን የለሽ ነው፤ ከማንኛውም ቁጥር ጋር ሲነጻጸርም ይበልጣል። ፍለጋው አልቆ የአንድ ቦታ ርቀት አሁንም ወሰን የለሽ ከሆነ፣ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ የለም። በዚህ ቦታ እንደ 999,999 ያለ የዘፈቀደ ቁጥር ማስገባት አንዳንድ ጀማሪዎች የሚያደርጉት ነው፤ ከወሰን የለሽ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ምርጫ ነው።

ቋንቋዎች የሚለያዩበት

ጃቫና በአንድሮይድ ስልኮች ላይ የሚሠራበት ኮትሊን በአንድ ነገር ተማሪን ያስገርማሉ። ድፍን ቁጥር በዜሮ ሲካፈል ፕሮግራሙ ይቋረጣል፤ ነጥብ ያለው ቁጥር ሲካፈል ግን ወሰን የለሽ ይመለሳል። በ1 እና በ1.0 መካከል ያለችው ትንሽ ነጥብ በማቆምና በመቀጠል መካከል ያለ ልዩነት ናት ማለት ነው። ጎ የተባለው ቋንቋም እንዲሁ ያደርጋል።

ፓይተን በማካፈል ላይ ሁለቱንም ያቆማል። ይሁን እንጂ ጥበቃው ሙሉ አይደለም፤ ከትልቁ ቁጥር አጠገብ ያለ ቁጥር በ10 ቢባዛ ፓይተንም ዝም ብሎ ወሰን የለሽን ይሰጣል፤ 10.0 በ400 አርቢ ከፍ ሲደረግ ግን «ሞልቶ ፈሰሰ» ብሎ ይቆማል። ለሳይንስ ስሌት የሚውለው ነምፓይ የተባለው የፓይተን ተጨማሪ ክፍል ደግሞ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይቀጥላል። በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሦስት ጠባይ ሲገኝ ተማሪ ቢደናገር አይፈረድበትም።

ራስት የተሻለ ጥንቃቄ ያሳያል። ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች «ናን»ን ሊይዙ ስለሚችሉ ቋንቋው ሙሉ ቅደም ተከተል እንዳላቸው አይቀበልም፤ ዝርዝር ሊደረድር የፈለገ ፕሮግራመር «ናን» ቢመጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ እንዲወስን ያስገድደዋል።

ምክንያቱ የ«ናን» እንግዳ ጠባይ ነው። «ናን» ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። ይበልጣል፣ ያንሳል፣ እኩል ነው ለሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልሱ «አይደለም» ነው። ይህ ለጥበቃ ደንቦች ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ፕሮግራም «ገንዘቡ ከ10,000 ድርሃም ከበለጠ ከልክል» የሚል ደንብ ቢኖረው፣ «ናን» አይበልጥምና ሾልኮ ያልፋል። ደንቡ «ገንዘቡ ከ10,000 ድርሃም ያነሰ ወይም እኩል ከሆነ አሳልፍ፣ ካልሆነ ከልክል» ተብሎ ቢጻፍ ግን «ናን» በር ላይ ይቀራል። በአማርኛ ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አይደሉም።

ከባዶ ሳጥን እስከ ደመወዝ

ወሰን የለሽ ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ከከበደ ሒሳብ ሳይሆን ሳይሞላ ከተተወ ሳጥን ነው። እንበልና አንድ ድርጅት የሠራተኞቹን የቀን ክፍያ ለማወቅ ወርኃዊ ደመወዝን ለቀናት ብዛት የሚያካፍል ገጽ በጃቫስክሪፕት አሠርቷል። ጸሐፊው የአንዱን ሠራተኛ የቀናት ብዛት ሳይሞላ አለፈ። ጃቫስክሪፕት ባዶውን ጽሑፍ ወደ ቁጥር ሲለውጠው 0 ያደርገዋል። 1,500 ለ 0 ሲካፈል ወሰን የለሽ ይሆናል፤ የሁሉም ሠራተኞች ድምርም ወሰን የለሽ ይሆናል። ያ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ሆኖ ደመወዙም 0 ቢሆን ኖሮ ውጤቱ «ናን» ነበር፤ ድምሩም «ናን»።

እስከዚህ ድረስ ችግሩ በዓይን ይታያል። የሚያሳስበው የሚቀጥለው እርምጃ ነው። ድረ ገጾች መረጃ የሚለዋወጡበት ጄሰን የተባለው አጻጻፍ ወሰን የለሽንም ሆነ «ናን»ን አይቀበልም፤ ስለዚህ ጃቫስክሪፕት ሁለቱንም በ«ባዶ» ተክቶ ይልካቸዋል። ተቀባዩ ፕሮግራም ባዶውን ዜሮ ብሎ ሊያነብበው ይችላል። በዚህ ሁኔታ አንድ ያልተሞላ ሳጥን መጀመሪያ ዜሮ፣ ቀጥሎ ወሰን የለሽ፣ ከዚያ ባዶ፣ በመጨረሻም እንደገና ዜሮ ሆኖ የአንድ ሰው ክፍያ ይጠፋል፤ በመንገዱ ላይ አንድም የስህተት መልእክት አልታየም። በኤምሬቶች ከ2009 ጀምሮ በሚሠራበት የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት አሠሪዎች ደመወዝን በኤሌክትሮኒክ ፋይል አማካይነት በባንኮችና በምንዛሪ ቤቶች በኩል ይከፍላሉ። ፋይሉ ከመዘጋጀቱ በፊት በድርጅቱ ውስጥ የሚደረገው ስሌት ግን የድርጅቱ ኃላፊነት ነው።

ኤክሴል በዚህ ረገድ ይመሰገናል። ወሰን የለሽ የሚባል ውጤት የለውም፤ በዜሮ ማካፈሉን በግልጽ ምልክት ያሳያል፣ ምልክቱም ድምሩን ሁሉ ስለሚበክል ሊሸሸግ አይችልም። ምስጋናውን የሚያበላሸው «ስህተት ካለ 0 አድርግ» የሚለው የተለመደ ቀመር ነው። ሰንጠረዡ ንጹሕ ሆኖ ለአለቃ እንዲቀርብ ሲባል ብዙዎች ያስገቡታል። በደመወዝ ሰንጠረዥ ላይ ይህን ማድረግ የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ ብሎ ሽቦውን እንደ መቁረጥ ነው።

በሦስት ቋንቋ በሚሠራበት በዚህ አገር ሌላም መግቢያ አለ። በዐረብኛ ሰነዶች ላይ የሚገኙት የምሥራቅ ዐረብ አሃዞች በጃቫስክሪፕት ወደ ቁጥር እንዲለወጡ ቢታዘዙ ውጤቱ «ናን» ነው። ፓይተን ግን ያነብባቸዋል። የግእዙን ፫ ፓይተንም ወደ ቁጥር አይለውጠውም፤ በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ የግእዝ አኃዞች የአስርዮሽ አሃዝ ተብለው አልተመደቡም፤ ዜሮ የሌላቸው፣ ለአሥርና ለመቶም የየራሳቸው ምልክት ያላቸው ናቸውና። ነጠላ ሰረዝም ቀላል አይደለም። 1,200 ተብሎ የተጻፈ ገንዘብ በአንዱ የጃቫስክሪፕት መለወጫ «ናን» ሲሆን በሌላው 1 ብቻ ይሆናል። ከሁለቱ የሚሻለው «ናን» ነው፤ 1 ድርሃም ግን እውነተኛ ቁጥር ስለሚመስል ማንም አይጠይቀውም።

ማቆም ወይስ መቀጠል

እዚህ ላይ «ሁሉም ቋንቋ እንደ ፓይተን ቢያቆም አይሻልም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለምንዛሪ ቤት መስኮት ይሻላል። ለሁሉም ቦታ ግን አይሆንም።

ሰኔ 4 ቀን 1996 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በፈረንሳይ ጉያና ከሚገኘው ኩሩ የተነሣው አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት በተነሣ በ40 ሰከንድ ገደማ ከመንገዱ ወጥቶ ፈነዳ። የጫናቸው አራት ሳተላይቶችም አብረው ጠፉ። የሮኬቱ አቅጣጫ ጠቋሚ ኮምፒውተር ባለ 64 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥርን ወደ 16 ቢት ድፍን ቁጥር ሲለውጥ፣ ቁጥሩ 16 ቢት ሊይዘው ከሚችለው 32,767 በልጦ ነበር። ልዩ ሁኔታ ተነሣ፤ ኮምፒውተሩም በደንቡ መሠረት ቆመ። ተጠባባቂውም በተመሳሳይ ፕሮግራም ይሠራ ስለነበር በተመሳሳይ ምክንያት ቆሟል። የቆመው ኮምፒውተር የላከው የብልሽት ዘገባ በዋናው ኮምፒውተር ዘንድ እንደ በረራ መረጃ ተነበበ፤ ሮኬቱም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ታጠፈ። የሚያሳዝነው፣ ያ ስሌት ሮኬቱ ከመሬት ከተነሣ በኋላ ምንም ጥቅም አልነበረውም፤ ከቀድሞው አሪያን 4 የተወረሰ ነበር። እዚህ ያጠፋው መቀጠሉ ሳይሆን መቆሙ ነው።

በመስከረም 1997 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዮርክታውን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። አንድ መርከበኛ በመረጃ ሳጥን ውስጥ ዜሮ አስገባ፤ ፕሮግራሙ በዜሮ አካፈለ፤ የመርከቧ የኮምፒውተር መረብ ወደቀ፤ መርከቧም ከሁለት ሰዓት በላይ ባሕር ላይ ያለ ኃይል ቆመች።

ሦስተኛው መንገድ፣ ሁኔታውን አስቀድሞ አውቆ ደንብ መጻፍ ነው። የኢትዮጵያ የዘመን ቀመር የሆነው ባሕረ ሐሳብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለው። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው 1 ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበር በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው መጥቅዕ ነው፤ መጥቅዕም የወር ቀን ሆኖ ይቈጠራል። በ2006 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7506 ነበር፤ ለ19 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ወንበሩ አልቦ፣ ማለትም ዜሮ ሆነ። ዜሮ በ19 ቢባዛ ዜሮ ነው፤ መስከረም ዜሮ የሚባል ቀን ግን የለም። ሊቃውንቱ ይህን ቀድመው ስላወቁ ወንበር አልቦ ሲሆን መጥቅዕ 30 ይሁን ብለው ደንግገዋል። በዚያ ዓመት በዓለ መጥቅዕ መስከረም 30 ቀን ዋለ፤ ጾመ ነነዌም የካቲት 3፣ ሰኞ ገባ፤ ስሌቱ ሳይናጋ ቀጠለ። ይኸው ልዩ ሁኔታ በ2025 ዓ.ም. ይመለሳል፤ የባሕረ ሐሳብ ማስያ ለስልክ የሚጽፍ ፕሮግራመር ይህን አንድ መስመር ከዘነጋ የዚያን ዓመት አጽዋማትና በዓላት ያሳስታል።

መቆምና መቀጠል በራሳቸው ጥሩም መጥፎም አይደሉም። ገንዘብ የሚቈጥር ፕሮግራም ቢቆም የሚጎዳው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ በጩኸት ይቁም። በበረራ ላይ ያለ ማሽን ግን የሚቆምበት ቦታ የለውም፤ ለእርሱ እያንዳንዱ ሁኔታ አስቀድሞ የተጻፈ መውጫ ያስፈልገዋል።

ገንዘብ በድፍን ቁጥር

የመጠጋጋት ነገር ቀላል ስለሚመስል ይናቃል። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ኮምፒውተሩ 0.3 አይልም፤ ከ16 ዜሮዎች በኋላ 4 የምትገኝበት ትርፍ ይጨምርበታል። በሁለት አሃዝ ቈጠራ አንድ አሥረኛ እንደ 1 ለ 3 ተጽፎ የማያልቅ ቁጥር ስለሆነ ነው። በዚሁ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ፣ በሳዑዲ ዐረቢያዋ ዳህራን፣ በየካቲት 25 ቀን 1991 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የደረሰው አደጋ ከዚህ ጋር ይያያዛል። የፓትሪዮት ሚሳኤል መከላከያ ጊዜን በአሥረኛ ሰከንድ ይቈጥር ነበር፤ አንድ አሥረኛውን የያዘው በተንሳፋፊ ነጥብ ሳይሆን ቦታዋ በማይለወጥ ነጥብ፣ በ24 ቢት ቈርጦ ነው። ከ100 ሰዓት ያላነሰ ሳይጠፋ በመሥራቱ ትንሿ ቁራጭ ተጠራቅማ ሲሶ ሰከንድ ያህል ሆነች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስከድ ሚሳኤል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሚሳኤሉ ሳይከለከል የወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 አሜሪካውያንን ገደለ።

በገንዘብ ስሌት መፍትሔው የታወቀ ነው። 1 ድርሃም 100 ፊልስ፣ 1 ብርም 100 ሳንቲም ነው፤ ገንዘቡ በፊልስና በሳንቲም፣ በድፍን ቁጥር ይያዝ። ምንዛሪ ሲባዛ፣ ለምሳሌ ከ1997 ጀምሮ የጸናው 1 ዶላር በ3.6725 ድርሃም፣ ማጠጋጋቱ የት እንደሚደረግ ፕሮግራመሩ በግልጽ ይጻፍ። ፓይተን ለዚህ «ዴሲማል» የተባለ ክፍል አለው፤ ከላይ የተነሡት ሰንደቆችም በእርሱ ውስጥ ይታያሉ፣ መጠጋጋት ሲከሰት ፕሮግራሙ እንዲቆም ማዘዝም ይቻላል።

ድፍን ቁጥር ግን የራሱ አደጋ አለው፤ ወሰን የለሽ የሚባል ቦታ የለውምና ሲሞላ በብዙ ቋንቋዎች ወደ አሉታዊ ይገለበጣል። በ2015 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ስለ ቦይንግ 787 ያወጣው መመሪያ ይህን የሚመለከት ነበር። በአውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መቈጣጠሪያዎች ውስጥ ያለ የፕሮግራም ቈጣሪ ኃይሉ ሳይቋረጥ 248 ቀናት ቢሠራ ሞልቶ እንደሚፈስስና ኤሌክትሪክ ሊያቋርጥ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ተደርሶበት፣ ከዚያ በፊት ኃይሉ እየተቋረጠ እንዲመለስ ታዘዘ። 248 ቀን በመቶኛ ሰከንድ ሲቈጠር 32 ቢት ድፍን ቁጥር ከሚይዘው 2,147,483,647 ጋር ይገጥማል። በአፍሪካ ይህን አውሮፕላን በ2012 መጀመሪያ የተረከበው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው።

ያው 2,147,483,647 ሳንቲም ቢሆን 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው፤ ለአንድ ሰው ብዙ፣ ለአንድ ባንክ ግን ጥቂት። የኤምሬቶች ማዕከላዊ ባንክና የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈራረሙት የገንዘብ ልውውጥ ስምምነት እስከ 3 ቢሊዮን ድርሃምና 46 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ነው። 46 ቢሊዮን ብር 4,600,000,000,000 ሳንቲም ይሆናል። ይህ በ32 ቢት ድፍን ቁጥር አይያዝም፤ በ64 ቢት ግን በሰፊው ይያዛል። ተንሳፋፊ ቁጥርም ቢሆን እስከ 9,007,199,254,740,992 ድረስ ድፍን ቁጥሮችን አንድም ሳያጓድል ይይዛል፤ በዚያ ላይ 1 ሲጨመርበት ግን ያው ራሱ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል።